በሦስት ቁና ገብስ የተሠራው ጋሪ

ጆሮ ያላችሁ ቀረብ በሉ፤ አፍ ያላችሁ እስክጨርስ ታገሡኝ። ነገሩ የሆነው ድሮ ነው፤ አውሬው ሁሉ በሚነጋገርበት፣ ዕቃም ሲከፋው መልስ በሚሰጥበት ዘመን።

በአንድ ኮረብታ ሥር አንዲት ምንጭ ነበረች። ክረምት ክረምት ለሁሉም ትበቃለች። በጋ ሲገባ ግን ቀድሞ የደረሰ ንጹሑን ይጠጣል፤ መጨረሻ የደረሰ ጭቃ ይልሳል። መጨረሻ የምትደርሰው ደግሞ ሁልጊዜ እመት ጃርት ነበረች። እግሯ አጭር ነው፤ ጉድጓዷ ሩቅ ነው፤ እሾኋ ስለሚወጋም ሰልፍ ላይ ማንም አጠገቧ መቆም አይፈልግም። ሦስት ልጆች ነበሯት። ሦስቱም ጭቃ እየጠጡ አደጉ።

በየበጋው ምንጩ ላይ ጠብ ሲበዛ፣ ሽማግሌው አያ ጎሽ አንድ ሕግ አወጣ።

“ማንም በገዛ እጁ ጋሪ ይሥራ” አለ። “ለጋሪው ግን ከሦስት ቁና ገብስ በላይ እንዳያወጣ። ከኮረብታው አናት ተነሥቶ ቀድሞ ሜዳው ላይ የደረሰ፣ በጋውን ሙሉ ከነቤተሰቡ ቀድሞ ይጠጣል። ሁለተኛው ሁለተኛ፣ ሦስተኛው ሦስተኛ ይጠጣል። እንዲህ ከሆነ ድሃውም ዕድል ያገኛል።”

ሁሉም ደስ አለው። ሕጉ ለድሃ የወጣ ነው ተባለ። ለድሃ መውጣቱን የሰማ ሀብታም ሁሉ ሮጦ ተመዘገበ።

ከሁሉ ቀድሞ የተመዘገበው አያ ዝንጀሮ ነበር። አያ ዝንጀሮ ሙያው ጋሪ መሥራት ነው። ከምንጩ በላይ ባለው ገደል ላይ ትልቅ ወርክሾፕ አለው፤ አርባ ሠራተኞች አሉት። ውኃው መጀመሪያ በእሱ ደጅ አልፎ ነው ወደ ምንጩ የሚወርደው። ጠምቶት አያውቅም። ቢሆንም ተመዘገበ፤ ድሃን ማበረታታት ይወድ ነበርና።

በመጀመሪያው ዓመት መንኮራኩሩ ዙሪያውን ብረት የለበሰ ጋሪ ይዞ መጣ።

“ይህ ብረት ከየት መጣ?” አለ አያ ጎሽ።

“ጓዳ ውስጥ ወድቆ ያገኘሁት ትርፍራፊ ነው። የወደቀ ነገር ዋጋ አለው እንዴ?”

“የለውም” አለ አያ ጎሽ። ዝንጀሮ አሸነፈ።

በሁለተኛው ዓመት ዘንጉ እንደ ዕንቁላል የለሰለሰ ጋሪ ይዞ መጣ።

“ይህን ማን ሠራው? በገዛ እጁ ተብሎ አልነበረም?”

“የእኔ ልጆች እጅ የእኔ እጅ ነው። አርባዎቹም ከሥራ በኋላ ለመዝናናት ነው የነካኩት። መዝናናት ዋጋ አለው እንዴ?”

“የለውም” አለ አያ ጎሽ። ዝንጀሮ አሸነፈ።

በሦስተኛው ዓመት መቀመጫው የለፋ ቆዳ የሆነ ጋሪ ይዞ መጣ።

“ቆዳውስ?”

“የደንበኛ ስጦታ ነው። ስጦታ ዋጋ አለው እንዴ?”

“የለውም” አለ አያ ጎሽ፤ ይህን ያለው ደግሞ ከዝንጀሮ ወርክሾፕ የመጣለትን ለምለም ሣር እያላመጠ ነው። ሣሩም ስጦታ ነበር። ስለዚህ ዋጋ አልነበረውም።

በአራተኛው ዓመት እመት ጃርት ልጆቿን አየቻቸው። ታናሽየው ሆዱን ይዞ ተኝቷል። ጭቃው አልስማማው ብሏል። እመት ጃርት አንድም ቀን ጋሪ ሠርታ አታውቅም። ተነሥታ ሦስት ቁና ገብስ ሰፈረች።

አንዱን ቁና ለግንደ ቆርቁር ሰጠች፤ እሱም ሁለት ቁራጭ ግንድ መሀል መሀላቸውን በሳላት። ሁለተኛውን ለሽኮኮ ሰጥታ የቃጫ ገመድ ገዛች። ሦስተኛውን ለንቦች ሰጥታ ዘንጉን የምትቀባበት ሰም አመጣች። የቀረውን በጥርሷ ሠራችው። ግንዱን እያኘከች ክብ አደረገችው፤ የወይራውን እንጨት እያኘከች ዘንግ አደረገችው። ሦስት ወር ፈጀባት፤ አንድ ጥርስም ሰበረባት።

ጋሪዋ ተሠርታ እንዳለቀች አፏን ከፈተች።

“እመት ጃርት፣ ቀኝ እግሬ ከግራዬ ያጥራል።”

“የኔም እንደዚያው ነው” አለች ጃርት። “ትለምጂዋለሽ።”

የውድድሩ ቀን ሁሉም ኮረብታው አናት ላይ ተሰበሰበ። አያ ዝንጀሮ በተሰላፊዎቹ መካከል እየተዘዋወረ ሁሉንም አይዟችሁ ሲል ቆይቶ ጃርት ዘንድ ደረሰ።

“ጎበዝ፣ ራስሽ ነሽ የሠራሽው?” አለ፣ ጋሪዋን በአንድ ጣቱ ነካ አድርጎ። “በርቺ። ዋናው መሳተፍ ነው።”

“የእርስዎስ ዘንድሮ ስንት ፈጀ?”

“ያው ሦስት ቁና። እንዲያውም ጥቂት ፍሬ ሳይተርፈኝ አልቀረም።”

ነጋሪት ተመታ። የዝንጀሮ ጋሪ ኮሽ ሳይል ቁልቁል ፈሰሰ። የድኩላ ጋሪ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። የከርከሮ ጋሪ መሀል ላይ ለሁለት ተከፈለና ከርከሮ በግማሹ ወረደ። የእመት ጃርት ጋሪ ወደ ቀኝ እያነከሰች፣ “ወይ እግሬ፣ ወይ እግሬ” እያለች ወረደች። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ዝንጀሮ አንደኛ፣ ፍልፈል ሁለተኛ፣ እመት ጃርት ሦስተኛ ሆኑ።

ሦስተኛ። እመት ጃርት በዕድሜዋ በምንም ነገር ሦስተኛ ወጥታ አታውቅም። ደስታው እሾኋን እስከ ጫፉ ነዘረው። ልጆቿ በበጋ ከሁለት ቤተሰብ ቀጥለው ሊጠጡ ነው።

ከዚያ ዞር ስትል የዝንጀሮን ጋሪ ከቅርብ አየችው። ብረቱ አዲስ ነው። ዘንጉ አዲስ ነው። ቆዳው ገና ይሸታል። እሷ የሰበረችው ጥርስ ትዝ አላት፤ ድዷን በምላሷ ዳሰሰችው።

ሽኮኮ ሁኔታዋን አይቶ ተጠጋት፤ ከእሾኋ ግን ራቅ ብሎ ቆመ።

“ሦስተኛ ወጥተሻል” አላት በሹክሹክታ። “ዝም በዪ። አሁን አፍሽን ብትከፍቺ ሦስተኛነቱንም ይነሱሻል።”

እመት ጃርት አሰበች። ሽኮኮ ያለው እውነት ነው። ቢሆንም ሄዳ አያ ጎሽ ፊት ቆመች።

“አያ ጎሽ፣ ክስ የለኝም” አለች። “የምገዛው ነገር አለኝ። ለዘር ያስቀመጥኩት ሦስት ቁና ገብስ ቤቴ አለ። አያ ዝንጀሮ ጋሪያቸው ሦስት ቁና ፈጀ ብለዋል። በዚያው ዋጋ ይሽጡልኝ።”

የተሰበሰበው ሁሉ ወደ ዝንጀሮ ዞረ።

“አይሸጥም” አለ ዝንጀሮ። “ትዝታ አለበት።”

“ትዝታውን ያስቀሩት። እንጨቱን ይሽጡልኝ።”

“ልጆቹ ደክመውበታል።”

“ሲዝናኑ ነው የሠሩት ብለው ነበር።”

“እንዲህ ያለ ብረት ሁለተኛ አላገኝም።”

“ጓዳ ወድቆ ነው የተገኘው ብለው ነበር። ጓዳዎን ደግመው ይዩት።”

ከወደ ኋላ አንድ ሁለቱ ሳቁ። አያ ጎሽ ማላመጡን አቆመ። አያ ዝንጀሮ ራሱን አከከ። ባይሸጥ ዋሽቷል፤ ቢሸጥ ጋሪው ሄደ። ሞኝ አልነበረምና በልቡ አሰላው፦ ጋሪ ሌላ ይሠራል፤ ስም ግን ሌላ አይሠራም።

“ይሁን” አለ ፈገግ ብሎ። “ድሃን መርዳት ልማዴ ነው። በሦስት ቁና ውሰጂው።”

በዚህ ጊዜ የዝንጀሮ ጋሪ ተናገረ።

“ማን ነው ሦስት ቁና?”

“ዝም በል” አለ ዝንጀሮ።

“ዝም አልልም። ብረቴ ብቻ ሃያ ቁና ነው፤ ከቆላ አንጥረኛ ዘንድ በበቅሎ ተጭኖ ነው የመጣው። ዘንጌን አርባ ሠራተኛ ሁለት ወር ሙሉ ሌላ ሥራ ፈትቶ ነው የሞረደው። ቆዳዬን ሦስት ገበያ ዞራችሁ ነው የመረጣችሁልኝ። እኔ በሦስት ቁና ተሸጠ ልባል? ለዚያውም እሾኋን ቆዳዬ ላይ ለምትሰካ ጃርት?”

“ትርፍራፊ አይደለህም?” አለ አያ ጎሽ ቀስ ብሎ።

“ትርፍራፊ የተባልኩት ለምዝገባ ነው” አለ ጋሪው፣ ተቆጥቶ።

አያ ጎሽ ፊቱ የተቀመጠለትን ሣር በእግሩ ወደ ጎን ገፋ አደረገ፤ በልቶ የተረፈውን ማለቴ ነው። ከዚያም በጣም ጻድቅ በሆነ ድምፅ፣ ይህን ነገር ከድሮም ይጠረጥር እንደነበር ተናገረ። ዝንጀሮ ከውድድሩ ወጣ። አንደኛ ፍልፈል ሆነ። ፍልፈል ዐይኑ ስለማያይ ማሸነፉን የሰማው ሌሎች ሲነግሩት ነው፤ ሲነግሩትም አላመነም። እመት ጃርት ሁለተኛ ሆነች። ለሚመጡት ዓመታትም ሕጉ ላይ አንድ መስመር ተጨመረ፦ ጋሪዬ ይህን ያህል ፈጀ ያለ ሁሉ፣ ለጠየቀው በዚያው ዋጋ ይሸጣል።

“ይህ ሙያን መናቅ ነው” አለ አያ ዝንጀሮ።

“ሙያዎን ማን ናቀ?” አለች እመት ጃርት። “ገብስ ኖሮኝ ጋሪ ባሠራ እርስዎ ዘንድ ነው የምመጣው። ከእኛ ጋር ሲሰለፉ ግን የእኛን ያህል ይዘው ይምጡ።”

በሚቀጥለው ዓመት አያ ዝንጀሮ አልመጣም። ገደሉ ላይ የባለሙያዎች ውድድር የሚል አቋቁሞ ብቻውን ተወዳደረ። አንደኛም፣ ሁለተኛም፣ ሦስተኛም ወጣ። አርባዎቹ ሠራተኞች ቆመው አጨበጨቡለት፤ ለመዝናናት።

እመት ጃርት ግን ሁለተኛ በወጣችበት በጋ ልጆቿን ይዛ ከፍልፈል ቀጥላ ምንጩ ዘንድ ወረደች። ታናሽየው ጎንበስ ብሎ ጠጣ። ቀና አለና እናቱን ግራ ተጋብቶ አያት።

“እማዬ፣ ይህ ውኃ ምንም አይልም እኮ። ጣዕሙ የት ሄደ?”

“ጣዕሙ ጭቃው ነበር” አለችው። “ጠጣ።”

ተረቴ ይኸው ነው። እናንተም የሆነ ቀን፣ በትርፍራፊ ሠራሁት፣ ምንም አላወጣሁበትም እያለ ከድሃ ጋር የሚሰለፍ ባለሙያ ቢያጋጥማችሁ አትከራከሩት። በዚያው ዋጋ ሽጥልኝ በሉት።