ጃርት የሰበረችው ጋን

ተረት ልንገራችሁ? ንገረን በሉኝ። ራቅ ብሎ የተቀመጠ ይጠጋ፤ የሚያወራ ዝም ይበል።

በድሮ ጊዜ፣ እንስሳውም ዕቃውም እንደ እኛ በሚናገርበት ዘመን፣ አንዲት ጃርት ነበረች። ባሏ በአዳኝ ወጥመድ ቀረባት። ጎሬዋን ጎርፍ ደረመሰባት። ማደሪያ ፍለጋ ብቻዋን ወጣች።

መጀመሪያ ጥንቸል ቤት ሄደች። «እመት ጥንቸል፣ አንዲት ጥግ አከራዪኝ» አለቻት።

ጥንቸል በበሩ አጮልቃ አየቻት። «ልጆቼ ገና ቆዳቸው ስስ ነው። እሾህሽ ይወጋብኛል። ሂጂ!» አለቻት።

ሄደች።

ቀጥሎ ከርከሮ ቤት ሄደች። «አያ ከርከሮ፣ አንዲት ጥግ አከራየኝ» አለችው።

«እኔ ስተኛ እገላበጣለሁ። ስገላበጥ አንቺ ላይ ብወድቅስ? ሂጂ!» አላት።

ሄደች።

በመጨረሻ አዋልድጌሳ ቤት ደረሰች። አዋልድጌሳን ታውቁታላችሁ? ጆሮው የአህያ፣ አፍንጫው የአሳማ፣ ጥፍሩ እንደ ዶማ የሆነ፣ ምስጥ እየበላ የሚኖር ሽማግሌ ነው። ጉድጓድ በመቆፈር የሚስተካከለው የለም። ሚስቱ ከሞተች ሦስት ክረምት አልፏል። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። አንደኛውን ለራሳቸው፣ ሁለተኛውን ለሚወለደው ልጅ ብለው አብረው ቆፍረውት ነበር። ልጁ አልመጣም። ክፍሉ ባዶውን ቀረ።

ጃርት ሁለት ጊዜ ተባርራለችና በቅድሚያ ጠየቀች። «አያ አዋልድጌሳ፣ ልጆች አሉዎት?»

«የሉኝም።»

«ሲተኙ ይገላበጣሉ?»

«በጎኔ እንደተጋደምኩ ይነጋል።»

«እንግዲያው ያከራዩኝ።»

አዋልድጌሳ አሰበና «ኪራዩ ከባድ አይደለም» አላት። «ምስጥ ፍለጋ ስወጣ ሁለት ሦስት ቀን እቆያለሁ። ደጁን ትጠርጊያለሽ፤ ቤቱን ትጠብቂያለሽ። ብቻ በምትገቢበት ክፍል ጥግ አንድ ጋን አለ። የሟች ሚስቴ ነው። ውሃ የምጠጣው ከእሱ ነው፤ ጉልበቴ በየቀኑ ወንዝ መውረድ አልቻለም። ጋኑን አደራ።»

«አደራዎን ተቀብያለሁ» አለች ጃርት፤ ገባች።

አዋልድጌሳ ወጣ። ጃርት ደጁን ጠረገች። ማንም አልመጣም። ቁጭ አለች። ማንም አልመጣም። የጠረገችውን ደጅ መልሳ ጠረገች። አሁንም ማንም አልመጣም። ከዚያ ከጥግ በኩል ወፍራም ድምፅ ሰማች።

«ብቻሽን ነሽ?»

ዞር ብትል ጋኑ ነው። «ብቻዬን ነኝ» አለችው።

«እኔም ብቻዬን ነኝ» አላት ጋኑ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይጫወቱ ጀመር። ጋኑ ስለ ሟች እመቤቱ፣ እሷ በሕይወት ሳለች ውሃ ስትቀዳ ስለምታንጎራጉረው ዜማ ይነግራታል። ጃርት ስለ ባሏ፣ ሥራ ሥር ሲቆፍር እንዴት ያስነጥስ እንደነበር ትነግረዋለች። ጋኑ ሲስቅ ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ጃርት በዓለም ላይ የምታነጋግረው እሱን ብቻ ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንድ ቀን ጠዋት፣ ጃርት ክፍሏን እየጠረገች ሳለ ሰማዩ ድንገት አጓራ። ጃርት ክው አለች። እሾኋ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ወደ ኋላ ዘለለች፤ በጀርባዋ ጋኑን ገጨችው። ጋኑ ቷ! አለ። ከአንገቱ እስከ ሆዱ ተሰነጠቀ።

«ምን ሆንሽ?» አላት ጋኑ።

«ነጎድጓዱ አስደነገጠኝ። አንተስ ምን ሆንክ?»

«እኔማ ተሰነጠቅሁ።»

ጃርት ስንጥቁን በሁለት እጇ ያዘችው። ውሃው በጣቶቿ መሃል ያልፋል። ወዲህ ስትይዘው በወዲያ ይፈሳል፤ ወዲያ ስትይዘው በወዲህ ይፈሳል። መሬቱም ይጠጣዋል።

ጦጣ የውሃውን ድምፅ ሰምታ መጣች። «አያ አዋልድጌሳ ሲመጣ ሌባ ገባ በይው። ሌባው ሰበረው በይው» አለቻት። ጃርት ስንጥቁን አለቀቀችም። ጦጣ ሄደች።

ቀበሮ በደጅ ሲያልፍ አየ። «ምን ትጠብቂያለሽ? ሳይመጣ ሂጂ። ማን ይፈልግሻል?» አላት። ጃርት ከጋኑ አልራቀችም። ቀበሮ ሄደ።

በሦስተኛው ጋኑ ራሱ ተናገረ። ውሃው እየጎደለ ሲሄድ ድምፁም እየቀጠነ ነበር። «እርጅና ሰነጠቀው በይው» አላት። «እኔም አዎ እለዋለሁ። አርጅቻለሁና ያምነናል። አለዚያ በዚህ ዝናብ ያስወጣሻል።»

ጃርት ለጦጣ ያላለቀሰችውን፣ ለቀበሮ ያላለቀሰችውን ለእሱ አለቀሰች። «ስለ እኔ ብለህ ልትዋሽ ነው?»

«ሌላ ማን አለኝ?»

«አይሆንም» አለችው። «እየሄድክ ነው፤ ድምፅህ ይነግረኛል። የመጨረሻ ቃልህ ውሸት እንዲሆን አልፈልግም። ይልቅ ያንን ዜማ አንጎራጉርልኝ።»

ጋኑ አንጎራጎረላት። ውሃው ሲያልቅ ዜማውም አለቀ።

አዋልድጌሳ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ ጃርት ደጅ ላይ ቆማ «አያ አዋልድጌሳ፣ ጋንዎን ሰበርኩት። ደንግጬ ነው፤ ግን የሰበርኩት እኔ ነኝ» አለችው።

አዋልድጌሳ አልፏት ገባ። ስንጥቁን በአፍንጫው ዳሰሰው። «ጋኖ» አለ። መልስ የለም። «ጋኖ!» አለ። መልስ የለም። በሦስተኛው ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ከዚያ ዞር ብሎ ጮኸባት።

«ጋኑን ተኪ! ከጋኑ ጀርባ ያለውን የተሰነጠቀ ግድግዳም አድሺ! ከዚያ ከቤቴ ውጪልኝ!»

«ጋኑን እተካለሁ። ግድግዳውን ግን አልነካሁትም» አለች ጃርት።

«ማን ያምንሻል?»

ለዳኝነት ትልቁ ዋርካ ዘንድ ሄዱ። እንስሳቱ ሁሉ ከጥላው ሥር ተሰበሰቡ። ዋርካው ሁለቱንም ሰማ።

ጦጣ ከቅርንጫፍ ላይ «ጥፋተኛውማ ነጎድጓድ ነው! እሱ ይክፈል!» ብላ ጮኸች። እንስሳቱ ሳቁ። ዋርካው ግን አልሳቀም፤ ነጎድጓድን ጠራው።

ነጎድጓድ ከሩቅ «እኔ ጮህኩ እንጂ ማንንም አልገፋሁም» አለ። «ሁልጊዜም እጮኻለሁ።»

«እውነት ነው» አለ ዋርካው። «አሁን ግድግዳውን ልጠይቅ። ሥሬ እናንተ ቤት ድረስ ይደርሳል።» በሥሩ ጠየቀ። የግድግዳውም መልስ በሥሩ መጣ።

«የተሰነጠቅሁት ባለፈው ክረምት ነው» አለ ግድግዳው። «ያኔ እመት ጃርት አልመጣችም። ባለቤቱም ያውቃል። በቅጠል ሸፍኖኛል።»

የአዋልድጌሳ ረጃጅም ጆሮዎች ወደ መሬት ወረዱ።

ዋርካው ፈረደ። «እመት ጃርት፣ ደንግጠሽ እንጂ አስበሽ አልሰበርሽም። ያም ሆኖ በአንቺ እጅ ያለ አደራ በአንቺ ጀርባ ተሰብሯል። ትተኪያለሽ። አያ አዋልድጌሳ፣ ቤትህ ስላረጀ የመጣውን ስንጥቅ አንተ ታድሳለህ። በተከራይ ላይ አትጭነውም።»

አዋልድጌሳ ቀስ ብሎ «አባ ዋርካ፣ አዲስ ጋን ምን ያደርግልኛል?» አለ። «ሚስቴ ከሞተች ወዲህ የሚያነጋግረኝ እሱ ብቻ ነበር።»

«እኔንም» አለች ጃርት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዩ።

ዋርካው ቅጠሉን አንቀሳቀሰ። «ድምፁን የሚተካ ዳኛ የለም» አለ። «እኔ መፍረድ የምችለው ስለ ውሃ መያዣው ብቻ ነው።»

ጃርት በማግስቱ ወንዝ ዳር ወዳለች ሸክላ ሠሪ ወረደች። ሴትዮዋ ትርንጎ ትባላለች። ጃርት የመጣችበትን ነገረቻት።

«የጃርት እሾህ ለሹሩባ ጠጉር መለያ የሚሆነኝ ነው» አለቻት ትርንጎ። «አንድ ጭብጥ ስጪኝና ጋን ውሰጂ። የወደቀውን ግን አልፈልግም፤ ይሰባበርብኛል።»

ጃርት ከጎኗ ነቀለች። አመማት። «ይበቃል?» አለች።

«አይበቃም።»

ነቀለች። «ይበቃል?»

«ትንሽ ቀረው።»

ነቀለች። አንድ ጎኗ ባዶ ሆነ፤ ብርድ ገባት።

«አሁን በቃ» አለች ትርንጎ። ጋኑን በሣር ጠቅልላ «እያንከባለልሽ ውሰጂው። ድንጋይ ካየሽ ዙሪ» ብላ ሸኘቻት።

ጃርት ድንጋይ ባየች ቁጥር እየዞረች፣ አጭሩ መንገድ ቀኑን ሙሉ ፈጅቶባት ደረሰች። ጋኑን በጥጉ አቆመችው። ወንዝ እየተመላለሰች በቅል ውሃ ቀዳች፤ ሞላችው። ከዚያ አጠገቡ ቁጭ ብላ ጠበቀች። አዲሱ ጋን ዝም አለ። ገና ምንም ያየው ነገር፣ ምንም የሚናገረው ነገር አልነበረም።

ተነሥታ ለመውጣት ደጅ ላይ ስትደርስ አዋልድጌሳ ጭቃ ሲያቦካ አገኘችው።

«ወዴት ነው?» አላት።

«ጋኑን ተክቻለሁ። ውጪልኝ ብለውኛል።»

አዋልድጌሳ ጭቃውን እያየ «ተቆጥቼ ነው» አለ። «ግድግዳውንም በአንቺ ላይ የጫንኩት እያወቅሁ ነው። አንቺ ሳትጠየቂ ነገርሽኝ፤ እኔ ዳኛ ፊት ቆሜም ደበቅሁ።» ጭቃውን እየረገጠ «ጭቃው እስኪደርቅ ያ ክፍል አይታደርበትም። እኔ ክፍል ግቢ» አላት።

ገባች። እሱ በአንዱ ዳር፣ እሷ በሌላው ዳር ተቀመጡ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ሁለቱም ከሞተው ጋን በቀር ከማንም ጋር መጫወት ረስተው ነበር። በኋላ አዋልድጌሳ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወንዙ ሞልቷል?» አላት።

«እስከ ሾላው ድረስ ሞልቷል» አለች።

«እስከ ሾላው?»

«እስከ ሾላው።»

«ቀጥዪ» አላት።

እሷም ቀጠለች።

እንግዲህ ሰሚዎቼ፣ በሰው ቤት ሳላችሁ ሳታስቡት የሰበራችሁት ነገር ካለ፣ ማንም ሳይጠይቃችሁ «እኔ ነኝ» በሉና ተኩ። ቤቱ የእናንተ ከሆነ ደግሞ የቆየውን ስንጥቅ በእንግዳ ላይ አትቁጠሩ። እኔ የሰማሁት እስከዚህ ነው፤ የተረፈውን ጃርትና አዋልድጌሳ ይጫወቱት።