አበልጁ የጠራው ሰው

በአንድ ወቅት ሦስት ሰዎች አንድ ሰው ገደሉ። ሟቹ ልየው ይባላል፤ ጥፋቱ የመስኖውን ውሃ ከተራው በፊት ወደ ራሱ የሽንኩርት ማሳ መመለሱ ነበር። ሽንኩርት ነው እንግዲህ የሰው ነፍስ ያስጠፋው።

ነገሩን የጠነሰሰው የውሃ ተራው የተነጠቀበት ደግሰው ነው። «ክንዱን ስበሩልኝ፤ ነፍሱን ግን እንዳትነኩ» ብሎ ሁለት ጎረቤቶቹን፣ ሽባባውንና ይርሳውን፣ ዱላ አስይዞ ላካቸውና እሱ ከቤቱ ቀረ።

የመታው ሽባባው ነው። ልየው አንድ ጊዜ በገበያ መሀል በጥፊ ብሎት ነበርና ንዴቱ አልበረደለትም። ዱላውን ጥሎ መጥረቢያ በጋቢው ሸሽጎ ሄደ።

የጠራው ይርሳው ነው። ልየው ጠበኞቹን ስለሚፈራ ለማንም አይከፍትም፤ ይርሳው ግን የልጁ ክርስትና አባት፣ አበልጁ ነው። አጥሩ ሥር ሲደርሱ የሽባባው ጋቢ ገለጥ አለና መጥረቢያውን አየ።  ፈሪ እንዳይባል ብሎ ግን እንዳላየ ሆኖ ወደ በሩ ቀረበ።

«አበልጅ፣ እኔ ነኝ፤ ውጣ እንጂ» ብሎ ተጣራ። ልየው እየሳቀ ወጣ።

የአገሩ ዳኛ ምክሩም ደሙም የጋራ ነው ብሎ በሦስቱም ላይ ሞት ፈረደ። ይግባኝ ብለው ከንጉሡ ችሎት ቀረቡ።

ደግሰው «እኔ ግደሉ አላልኩም» አለ።

ሽባባው «እነሱ ባይኖሩ እኔ ብቻዬን ደጁን አልረግጥም ነበር» አለ።

ይርሳው «እኔ እጄን አላነሳሁበትም» አለ። እውነቱን ነው፤ ግን እንደተናገረ አፈረ።

ንጉሡ «የጠፋው አንድ ነፍስ ነው። አንዱ ይሙት፣ ሁለቱ ይታሰሩ። የሚሞተውን የሟች ሚስት ትምረጥ» አሉ።

የልየው ሚስት እናኑ ተነሳች። «ጃንሆይ፣ ከሁሉ በፊት ይርሳውን ይተዉልኝ። በዱላ ብቻ የሚመቱት መስሎት ነው የጠራው። ልጄም ከእሱ ሌላ አባት አልቀረውም።»

ይርሳው ዝም ቢል ይተርፋል። መጥረቢያውን ማየቱን ሽባባው እንኳ አያውቅም። ሞት ያስፈራዋል፤ ቤቱ ያሳዝነዋል። እሷ ግን አምናው እያየችው ነው፤ ይሄን አልቻለውም።

«አበልጄ፣ መጥረቢያውን አይቻለሁ» አላት። «አይቼ ነው የጠራሁት።»

ሽባባው ዞር ብሎ አየው። ደግሰው አንገቱን ደፋ። 

ንጉሡ እናኑን «በይ እንግዲህ፣ ምረጪ» አሏት።

እናንተስ በእናኑ ቦታ ብትሆኑ፣ ማን ይሙት ትሉ ነበር?