በቅሉ ውስጥ የቀሩ ጠጠሮች

ነገሩ የሆነው ስሟን አላህ በሚያውቀው በአንዲት ጥንታዊ የነጋዴ ከተማ ነው። እዚያ ሐጂ ሙዘይን የሚባሉ የጨው ነጋዴ ነበሩ፤ ሰው ሲጣላ የሚሮጠው ወደ እሳቸው ነው። በየዓመቱ ለአረፋ ወይፈን ጥለው ሰፈሩን ሲያበሉ ኖረዋል።

በዚያች ከተማ ለአረፋ ሊያርድ በልቡ የነየተ ሁሉ መስጊዱ በር ላይ በተሰቀለው ቅል ውስጥ ጠጠር ይጥላል። ከበዓሉ በኋላ ኑርሁሴን የሚባል ለፍቶ አዳሪ በየደጁ እየዞረ ቆዳውን ይሰበስባል፤ ቆዳው ተሽጦ የየቲሞች፣ የወላጅ አልባ ልጆች፣ ልብስ ይሆናል። የመስጊዱ ኃላፊ አብዱልዋሴ ደግሞ ለእያንዳንዱ ቆዳ አንድ ጠጠር ከቅሉ ያወጣል። ቅሉ ባዶ ሲሆን አማናው፣ አደራው፣ ደረሰ ተብሎ አላህ ይመሰገናል። እንዲህ ቀላል ነበር፣ ልጆቼ።

አንድ ዓመት ታዲያ ቆዳው ተቆጥሮ አለቀና ቅሉ ውስጥ ስድስት ጠጠር ቀረ።

አብዱልዋሴ በመስጊዱ ግቢ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ቆዳውን ከሥር ጀምሮ ደግሞ ቆጠረ፤ ያው ነው። ልጆች ጠጠር ጨምረውበት ይሆን አለ፤ ቅሉ ግን ልጅ ከማይደርስበት ነው የተሰቀለው። ያለፍከው ደጅ አለ ወይ ብሎ ቢጠይቀው፣ ኑርሁሴን አንድም አልዘለልኩም አለ። ይሄኔ አንዱ ቀልደኛ፣ "ታዲያ ቆዳው እግር አውጥቶ ሄደ በላ" አለ። ሰው ሳቀ፤ የኑርሁሴን ፊት ጠቆረ። አብዱልዋሴ ክፉ ሰው አይደለም፣ የየቲም ሐቅ አስጨንቆት ነው፤ ወይ ቁርኣን ይዞ ይማል፣ ወይ ሥራውን ይተው አለ። ስሙ አንዴ ከጠፋ ደግሞ ማን እቃ ያሸክመዋል?

ሐጂ ሙዘይን ሙስበሃቸውን፣ የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ ይዘው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። መልሱን ያውቁታል። ያን ዓመት በሽታ ግመሎቻቸውን ስለፈጀባቸው፣ ከስድስት ድሆች ጋር አዋጥተው ከወንዝ ማዶ አንድ በሬ አርደዋል፤ ቆዳውንም ኑርሁሴን ከደጃቸው ወስዶታል። ሸሪዓው ይፈቅዳል፤ በሬ ለሰባት ይበቃል። ሰባቱም ግን የየራሳቸውን ጠጠር ጥለዋል። በከተማይቱ በሬ የሚያርድ ሰው ብቻውን ነበር የሚያርደው፣ ስለዚህ ማንም ይህን አላሰበም። ሐጂ ደግሞ እጃቸው ማጠሩን ለወንድማቸው እንኳ አልነገሩም። ሌላ ሰው ይናገር ይሆን ብለው ጠበቁ፤ ከስድስቱ እዚያ የነበሩት አቀርቅረዋል። ኑርሁሴን ለመሐላው ታጥቦ ውዱእ ሊያደርግ እጅጌውን ሲሰበስብ አዩት። ሙስበሃው ጣታቸው ላይ ቆመ።

"ተወው ልጄ፣ አትማል" አሉ ተነስተው። "ጠጠር የጣልነው ሰባት ነን፣ በሬው አንድ ነው። ዘንድሮ ብቻዬን ማረድ አቅቶኛል።"

አብዱልዋሴ የቀሩት እነማን እንደሆኑ ጠየቃቸው።

"እኔን አውቃችኋል፣ ይበቃል። እነሱን አላህ ያውቃቸዋል።"

አብዱልዋሴ የኑርሁሴንን ትከሻ ስሞ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ አለው። ኑርሁሴንም እንባውን እየጠረገ፣ "እኔ እኮ ያን ቆዳ ስሸከም ወገቤ የተቆረጠው ለካ ሰባት ሰው አዝዬ ነው" ቢል፣ ቀድመው የሳቁት ሐጂ ራሳቸው ናቸው።

ወደ ቤት ሲሄዱ ኑርሁሴን፣ ለእኔ ብለው ገመናዎን አወጡ እያለ ተቆጨ። ሐጂም፣ "ገመናዬን በአንተ ስም ከምሸፍነው ይገለጥ" አሉት።

አያችሁ፣ ቁጥር ሲጎድል ዓይናችን ወደ ተሸካሚው ይሮጣል። ጠጠሩ ሰው ይቁጠር በሬ ይቁጠር ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የሚያውቀው ሰው ደግሞ እዚያው ጥግ ተቀምጧል፤ ዝም ቢል ከአላህ በቀር የሚያየው የለም። በቀጣዩ አረፋ ሐጂ ስድስቱን ጓደኞቻቸውን አስከትለው በቀን፣ ሰው እያየ መጡና አንዲት ጠጠር አብረው ጣሉ። ከዚያ ወዲህ በዚያች ከተማ ተጋርቶ ማረድ ያሳፈረው ሰው የለም ይባላል።