የምንትዋብ ብረትና የእማማ ዘርትሁን በርጩማ

ስሙኝማ። ያኮረፈ ካለ ኩርፊያውን ደጅ ትቶ ይግባ፤ ይህ ተረት የራሱ ኩርፊያ ይበቃዋል።

በአንድ ግቢ ውስጥ፣ ከተደረደሩት የጭቃ ቤቶች በአንዱ፣ ምንትዋብ የምትባል ልጅ ትኖር ነበር። ምንትዋብ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በበሯ ላይ መንጠልጠል። ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። ሰኞ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ፈተና አለ። እዚያ ፈተና ላይ ብረት ይዞ፣ ራስን ወደ ላይ ስቦ፣ አገጭን ከብረቱ በላይ ማሳለፍ ግድ ነው። ዓምና ሩጫውን አልፋለች፣ መሰላሉን አልፋለች፣ ከባዱን የውሃ ቱቦ ተሸክማ አልፋለች፤ አገጯ ግን ከብረቱ ስር ቀረ። ለጥቂት! ዘንድሮ የመጨረሻዋ ነው፤ ከርሞ ብትሄድ ዕድሜሽ አልፏል ብለው ከበር ይመልሷታል።

የሰፈሩ ሜዳ ላይ የነበረው መንጠልጠያ ብረት ተነቅሎ የአንዱ አጥር ሆኗል። የግቢው ዛፍ ፓፓያ ነው፤ ፓፓያ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ከነፓፓያው ይወርዳል። ስለዚህ ምንትዋብ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ብረት ገዛች። ጫፍና ጫፉ ጎማ የለበሰ፣ ሲያሽከረክሩት የሚረዝም፣ በበሩ ግራና ቀኝ መቃን መሀል የሚወጠር ብረት ነው። «ቤትሽም ሁኚ፣ መንገድም ውጪ፣ በር ካለ ስፖርት አለ» ብሎ ነው ሻጩ ያስታቀፋት። ምን ዓይነት በር እንዳላት ግን አልጠየቃትም።

አንድ ቀን ጠዋት ብረቱን ወጠረች፣ ተንጠለጠለች፣ ሳበች። አገጯ ወደ ብረቱ ሲቃረብ ብረቱ ሸርተት አለ። ምንትዋብ በመቀመጫዋ ዘጭ! ግድግዳው እንደ ልማዱ ተንቀጠቀጠ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ በየጠዋቱ እንዲሁ ነው።

«አንተ ብረት!» አለች ከመሬት ሳትነሳ። «ለምን አትይዝም?»

«እኔ ላይ ምን ያስጮህሻል?» አለ ብረቱ። «መቃኑ ካልጠበቀ አልይዝም።»

ምንትዋብ ብድግ ብላ መቃኑን በእርግጫ አለችው። «አንተስ ለምን አትጠብቅም?»

«እርገጪኝ፣ ይብስ እላላለሁ» አለ መቃኑ። «ጭቃው ከጎኔ ረግፎ አልቋል። ሽብልቅ ካልገባ አልጠብቅም።»

ነገሩ እንግዲህ ይኸው ነው፤ ሽብልቁ ካልገባ መቃኑ አይጠብቅም፤ መቃኑ ካልጠበቀ ብረቱ አይይዝም፤ ብረቱ ካልያዘ ምንትዋብ አትንጠለጠልም፤ ምንትዋብ ካልተንጠለጠለች ሰኞ መጥቶ ያልፋል።

አናጢው ጋሽ ደምሰው ከግቢው መግቢያ አጠገብ ሳንቃ ይልጋሉ። ምንትዋብ ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ሄደች።

«ጋሽ ደምሰው፣ እባክዎ መቃኔ ላይ ሽብልቅ ይምቱልኝ።»

«በምን ልምታው? በጥርሴ?» ጋሽ ደምሰው መላጊያቸውን አስቀመጡ። «ትልቁ መዶሻዬ በያጁ ዘንድ ነው። ለዛሬ ብቻ ብሎ ወስዶ ፋሲካ አለፈ!»

«ታዲያ አምጣ አይሉትም?»

«እኔ? የገዛ መዶሻዬን ልለምን? ራሱ ተሸክሞ ያምጣ! መዶሻው ካልወጣ ሽብልቁ አይገባም። አለቀ!» ብለው ጀርባቸውን ሰጧት፤ ያን ምስኪን ሳንቃ የበደላቸው እሱ ይመስል ይልጉት ጀመር።

መዶሻው ካልወጣ ሽብልቁ አይገባም፤ ሽብልቁ ካልገባ መቃኑ አይጠብቅም፤ መቃኑ ካልጠበቀ ብረቱ አይይዝም፤ ብረቱ ካልያዘ ምንትዋብ አትንጠለጠልም፤ ምንትዋብ ካልተንጠለጠለች ሰኞ መጥቶ ያልፋል።

በያጁ ሸዋንግዛው ወርክሾፕ አለው፤ እሱ ግን ደጅ፣ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ ይበይዳል። የወርክሾፑ በር ፊት የለስላሳ ሳጥኖች እስከ መቀርቀሪያው ተቆልለዋል።

«ሸዋንግዛው፣ የጋሽ ደምሰውን መዶሻ አምጣ።»

«መዶሻው ውስጥ ነው። በሩ ደግሞ ያውልሽ» አለ በአገጩ እየጠቆመ። «የአስካለ ሳጥን ነው። እዚህ ፀሐይ ላይ የምጠበሰው ደስ ብሎኝ ይመስልሻል?»

«አንሺልኝ አላልካትም?»

«ሳታስፈቅደኝ ያስቀመጠችውን እኔ ለምኜ ላስነሳ? አላደርገውም!»

«እኔ ላንሳዋ!»

«ንኪና እዪ። ጠርሙሴን ሰበርሽ ብላ ግቢውን ባንቺ ላይ ነው የምታፈርሰው። ሳጥኑ ካልተነሳ ወርክሾፑ አይከፈትም፤ በቃ።»

የምንትዋብ ደም ፈላ። ሰው እንዴት በሩን ለዘጋበት ሰው አንዲት ቃል ሳይናገር በፀሐይ ያልቃል? ግን ሰኞ እየመጣ ነው፤ ቆማ የምትገረምበት ጊዜ የላትም።

ሳጥኑ ካልተነሳ ወርክሾፑ አይከፈትም፤ ወርክሾፑ ካልተከፈተ መዶሻው አይወጣም፤ መዶሻው ካልወጣ ሽብልቁ አይገባም፤ ሽብልቁ ካልገባ መቃኑ አይጠብቅም፤ መቃኑ ካልጠበቀ ብረቱ አይይዝም፤ ብረቱ ካልያዘ ምንትዋብ አትንጠለጠልም፤ ምንትዋብ ካልተንጠለጠለች ሰኞ መጥቶ ያልፋል።

አስካለ የግቢው ባለሱቅ ናት። ምንትዋብ ስትደርስ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ባልዲ ይዛ፣ ብቻዋን ትራገማለች።

«እትዬ አስካለ፣ እባክሽ ሳጥኖቹን ከሸዋንግዛው በር ላይ አንሺልኝ።»

«የት ላድርጋቸው? አናቴ ላይ? ነይ ግቢ፣ እዪልኝ!» እጇን ጎትታ ጓዳ አስገባቻት። ውሃው ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። «ቧንቧው ከፈነዳ ጀምሮ ኑሮዬ ይኸው ነው። ስኳሩ ሟሙቶ አልቋል፣ ሳሙናው አረፋ ሆኗል። የቧንቧ ጠጋኙ መጣ፣ የውሃው መዝጊያ ሳይዘጋ አልነካም ብሎ ሄደ። ውሃው ካልተዘጋ ሳጥኑ አይነሳም!»

«ዝጊዋ ታዲያ!»

«መዝጊያው ያለው እማማ ዘርትሁን በረንዳ ላይ ነው። በርጩማቸውን እላዩ ላይ አድርገው ቁጭ ብለዋል። ብለምናቸው ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩብኝ። ሁለተኛ አልሄድም! አሮጊት ከነበርጩማው ተሸክሜ አላነሳ።»

እማማ ካልተነሱ ውሃው አይዘጋም፤ ውሃው ካልተዘጋ ሳጥኑ አይነሳም፤ ሳጥኑ ካልተነሳ ወርክሾፑ አይከፈትም፤ ወርክሾፑ ካልተከፈተ መዶሻው አይወጣም፤ መዶሻው ካልወጣ ሽብልቁ አይገባም፤ ሽብልቁ ካልገባ መቃኑ አይጠብቅም፤ መቃኑ ካልጠበቀ ብረቱ አይይዝም፤ ብረቱ ካልያዘ ምንትዋብ አትንጠለጠልም፤ ምንትዋብ ካልተንጠለጠለች ሰኞ መጥቶ ያልፋል።

እማማ ዘርትሁን ማለት የምንትዋብ የግድግዳ ጎረቤት ናቸው። ግቢውን ሁሉ ዞራ ዞራ መጨረሻዋ የራሷ በር አጠገብ ሆነ። ይሄም አናደዳት።

«እማማ፣ እባክዎ ይነሱልኝ፤ ውሃው ይዘጋ።»

እማማ ዘርትሁን ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ።

«እማማ!»

አጥሩን አዩ።

እዚህ ላይ ምንትዋብ ገነፈለች። «እዚህ ግቢ ውስጥ አፍ ያለው ሰው የለም ወይ? እርስዎ ስለማይነሱ ውሃው አይዘጋ፤ ውሃው ስለማይዘጋ ሳጥኑ አይነሳ፤ ሳጥኑ ስለማይነሳ ወርክሾፑ አይከፈት፤ እሱ ስለማይከፈት መዶሻው አይወጣ፤ መዶሻው ስለማይወጣ ሽብልቁ አይገባ፤ መቃኑ አይጠብቅ፤ ብረቱ አይይዝ፤ እኔ አልንጠለጠል! ሰኞ መጥቶ ሊያልፍ ነው! ዕድሜዬን በእናንተ ኩርፊያ ልጨርስ? ያ ሁሉ ውሃ ሲፈስ አያሳዝንዎትም?»

«ይፍሰስ!» አሉ እማማ። ቀና ብለው ባዩአት ጊዜ ዓይናቸው ቀልቷል። «የኔ እንባ ሲፈስ ማን ዘጋልኝ?»

«ምን ሆኑ ደግሞ?»

«ምን ሆኑ ትይኛለሽ? ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ስነሳሽ አልታወቀሽም?»

ምንትዋብ አልታወቃትም ነበር። ጠዋት በሩጫ ትወጣለች፣ ማታ በሩጫ ትገባለች፤ ማን ሰላም አላት ማን ከለከላት ብላ አስባ አታውቅም።

እማማ ከነጠላቸው ስር ፎቶግራፍ አወጡ። መስተዋቱ ረግፏል፤ የእንጨት ማቀፊያው ለአራት ተሰነጣጥቋል። ፎቶግራፉ ላይ አንድ ፂማም ሽማግሌ ወንበር ላይ ተጎልቶ ያፈጣል፤ ባለቤታቸው አቶ ወልደየስ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። «አንቺ በዚያ ብረትሽ ዘጭ ስትዪ ወልደየስ ከግድግዳዬ ወረደ። አንዴ ቀብሬዋለሁ። ደግሞ ከመሬት ለቀምኩት።»

«ለምን አልነገሩኝም ታዲያ?»

«ሳልነግርሽ ማወቅ ነበረብሽ!»

«በምን ልወቅ? ግድግዳ አሳልፌ አያለሁ?»

«ሲሰበር አልሰማሽም?»

«እኔ የሰማሁት የገዛ መቀመጫዬን ነው!»

ውሃው ሽሽሽ ይላል። ምንትዋብ ይቅርታ ልትል ፈለገች፤ ግን ጠዋት ከብረቱ የጀመረ ንዴት፣ በመቃኑ፣ በጋሽ ደምሰው፣ በሸዋንግዛው፣ በአስካለ እያለ ጉሮሮዋ ላይ ተከማችቶ ነበር። ይቅርታውም ከንዴቱ ጋር አብሮ ወጣ።

«ይቅርታ!» ብላ ጮኸች። ፓፓያው ላይ የነበሩት ወፎች ተነሱ። «ይቅርታ አልኩ! ይቅር ይበሉኝ!»

«እየጮኽሽ ነው ይቅርታ የሚጠየቀው?»

«አዎ! ሌላ ድምፅ አልቀረኝም!» አለችና ማልቀስ ጀመረች፤ እንባዋ ራሱ በንዴት ነበር የሚወርደው።

እማማ ዘርትሁን ትንሽ አዩአት። «ኤዲያ» አሉ። «ይህን ስጠብቅ ነው ጀርባዬ የተቆራረጠው።» ጉልበታቸውን ይዘው ብድግ አሉ።

እማማ ተነሱ፤ ውሃው ተዘጋ። ውሃው ተዘጋ፤ አስካለ ጓዳዋን እየጠረገች፣ እየተራገመች፣ ሳጥኑን አነሳች። ሳጥኑ ተነሳ፤ ወርክሾፑ ተከፈተ። ወርክሾፑ ተከፈተ፤ መዶሻው ከቆርቆሮ ክምር ስር ወጣ። ሸዋንግዛው መዶሻውን ተሸክሞ ጋሽ ደምሰው ፊት ቆመ፤ ዓይን ለዓይን አልተያዩም።

«ይኸው መዶሻዎ።»

«አየሁት» አሉ ጋሽ ደምሰው።

መላው ግቢ የምንትዋብ በር ላይ ተሰበሰበ። ጋሽ ደምሰው ከባሕር ዛፍ ሽብልቅ ጠርበው መቃኑና ግድግዳው መሀል ደቀኑና መቱት። ቀጭ! ለሁለት ተሰነጠቀ። ሌላ ጠርበው መቱ። ቀጭ!

«እርጥብ ነው» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። «ደረቅ ወይራ ካልተገኘ...»

«እንዳይጨርሱት!» ምንትዋብ ጮኸች። «ካልተገኘ፣ ካልተነሳ፣ ካልመጣ! ዛሬ ሁለተኛ ይህን እንዳልሰማ!»

እማማ ዘርትሁን ገብተው ሲወጡ አንድ ቁራጭ እንጨት ይዘዋል። ጠቁሯል፤ አንዱ ጎኑ ተሰብሯል፤ ሌላው ጎኑ እንደ ድንጋይ ነው።

«ወይራ ነው» አሉ። «ወልደየስ በእጁ የሠራው ማቀፊያ ነው። ለፎቶው ደምሰው ሌላ ይሠራልኛል።»

«ኧረ እማማ፣ የሟች ዕቃ...»

«ምታ አልኩህ!»

ጋሽ ደምሰው መቱ። ሽብልቁ ገባ። መቃኑ ጠበቀ። ምንትዋብ ብረቱን አሽከርክራ ወጠረችው፤ ብረቱ ያዘ። ተንጠለጠለች። ሳበች። ክንዷ ተንቀጠቀጠ፣ ፊቷ ቀላ፤ ግድግዳው ግን ዝም፣ መቃኑም ዝም፣ ብረቱም ዝም አለ። አገጯ እስከ ብረቱ ወጣ፤ እዚያ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ አለፈ። አስካለ እልል አለች። ሸዋንግዛው ሳያስበው የጋሽ ደምሰውን ትከሻ ያዘ፤ ጋሽ ደምሰውም እጁን ከትከሻቸው አላወረዱትም።

እማማ ዘርትሁን ወደ መቃኑ ጠጋ ብለው ያችን ጥቁር ሽብልቅ በጣታቸው ገፋ አደረጓት። አልተነቃነቀችም።

«ዕድሜውን ሙሉ» አሉ፣ «ተነስ፣ ፈቀቅ በል፣ አንድ ነገር አግዘኝ እያልኩ ስጨቀጭቀው፣ አንድ ቀን ከተቀመጠበት ንቅንቅ ብሎልኝ አያውቅም። ስንቴ አቃጥሎኛል! አሁን እስቲ ላንቺ ይቀመጥልሽ።»

ሰኞ መጣ፤ የምንትዋብም አገጭ አለፈ። መዶሻ የተዋሰ ይመልስ፤ የእኔ ተረት እዚህ ላይ አበቃ።