ደዋዩ ከዘጋ በኋላ

አንድ የቢሮ ስልክ ጠጋኝ ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት በአንዲት ትንሽ ከተማ ወዳለ የግል ክሊኒክ ተጠራ። የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ አቶ ሄራሞ በር ላይ ተቀበሉትና፣ «ዕቃው አዲስ ነው፤ ምንም አልሆነም። ችግሩ ስልክ የምታነሳው ልጅ ናት። ለማንኛውም አይተህ በጽሑፍ አረጋግጥልኝ» አሉት።

በጽሑፍ ለምን እንደፈለጉት ገባችሁ? ሊያባርሯት ነው።

ልጅቷ ዘሪቱ ትባላለች። እዚያ ክሊኒክ ስልክ ማንሳት ከጀመረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከሁለት ወር በፊት አቶ ሄራሞ አራት መስመር የሚቀበል አዲስ ማዞሪያ አስገቡ። ሰው ሲደውል በተቀዳ ድምፅ «ለቀጠሮ አንድን ይጫኑ፣ ለላቦራቶሪ ሁለትን፣ ለአምቡላንስ ሦስትን» ይላል። የተጫነውን ዘሪቱ ታነሳለች።

ከዚያ ወዲህ ግን የከተማው ሰው ማማረር ጀመረ። የክሊኒኩ ስልክ ሁልጊዜ ተይዟል ይላል። አቶ ሄራሞ ወጣ ብለው ያያሉ፤ የዘሪቱ ስልክ ጭጭ ብሏል፣ እሷም ቁጭ ብላለች። ስልኩ ጭጭ ካለ ለደዋዩ እንዴት ተይዟል ይለዋል? አንድ ነገር ብቻ ታያቸው፤ መነጋገሪያውን ከቦታው አንስታ ጎን ላይ እያስቀመጠች ታርፋለች።

እሷ ነግራቸው ነበር። «አቶ ሄራሞ፣ አንዳንዴ ሳነሳው ሰው የለም። ቱት፣ ቱት ብቻ ነው የሚለው» ብላቸው ነበር። «አዲስ ዕቃ ሲመጣ መልመድ ነው እንጂ ማሳበብ ምን ይባላል?» አሏት። ነገሩ በዚህ ተዘጋ።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ማቴዎስ የሚባል ገበሬ ደወለ። ሚስቱን ምጥ ይዟታል፤ ደም እየፈሰሳት ነው፤ አምቡላንስ ይፈልጋል። ተይዟል። ደገመ፤ ተይዟል። አሥራ አንድ ጊዜ ሞከረ። በመጨረሻ ጎረቤቶቹን ጠርቶ በቃሬዛ ተሸክመዋት ወጡ። ልጁ መንገድ ዳር ተወለደ። እናትየዋ የተረፈችው አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አይቶ ስለቆመና ሆስፒታል ስላደረሳት ነው።

በሳምንቱ ማቴዎስ ክሊኒኩ መጣ። አልጮኸም። ዘሪቱ ፊት ቆሞ፣ «ያን ቀን ጠዋት ከማን ጋር ነበር የምታወሪው?» አላት።

እሷ ግን ከማንም ጋር አላወራችም። ያን ጠዋት ስልኳ አንዴም አልጮኸም። በማግስቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጣት።

ጠጋኙ ከእሷ ጎን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከራሱ ሞባይል ደወለ። የተቀዳው ድምፅ «ለቀጠሮ አንድን ይጫኑ» ሲለው ምንም ሳይጫን ዘጋው። የማዞሪያው መብራት ግን አልጠፋም። አንድ ደቂቃ ቆየ፤ አሥር ደቂቃ ቆየ። ማዳመጫ ሰክቶ መስመሩን ሲሰማው፣ ዕቃው ያንኑ ቃል ደጋግሞ ይላል። ለቀጠሮ አንድን፣ ለላቦራቶሪ ሁለትን፣ ለአምቡላንስ ሦስትን። ለማን ነው የሚናገረው? ሰውየው እኮ ሄዷል። እንደዚያው አራት ጊዜ ደውሎ ዘጋ። አራቱም መብራቶች በሩ። አምስተኛ ሲደውል፣ ተይዟል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደዋዩ ሲዘጋ በመስመሩ ላይ ቱት፣ ቱት የሚል ድምፅ ይመጣል። ማዞሪያው ያንን ሰምቶ መስመሩን መልቀቅ አለበት። ይህኛው ግን ፋብሪካ ውስጥ የተሞላለት የሌላ አገር ድምፅ ነው። የእኛን አያውቀውም። ስለዚህ ሰውየው አለ ብሎ ይይዛል።

ጠጋኙ ደስ አለው። «ቀላል ነው» አለና፣ እኩል እኩል የሚመታ ማንኛውንም ድምፅ ሁለቴ ሲሰማ ወዲያው እንዲቆርጥ አድርጎ ምሳ ሄደ።

ሲመለስ ዘሪቱ ቆማ ጠበቀችው። «ወንድሜ፣ አሁን ደግሞ የሚያወራውን ሰው ይቆርጠዋል። አንዲት እናት የባለቤታቸውን የደም ውጤት ሊጠይቁ ሦስት ጊዜ ደወሉ። ሳል አለባቸው። ሲያስሉ ይቋረጣል።»

ኔትወርክ ነው ሊላት አፉን ከፍቶ ነበር። ይህን ያጫወተኝ እሱ ራሱ ነው። አፌን ከፈትኩና አፈርኩ ነው ያለኝ። ከዚያ፣ «ቱት ቱት ይላል ያልሽው፣ እንዴት ነው የሚለው?» ብሎ ጠየቃት።

ዘሪቱ በጣቷ ጠረጴዛውን መታች። ቀስ ያለ ነው፤ መታ፣ ዝም፣ መታ፣ ዝም። ሁለት ወር ስትሰማው የኖረችው ድምፅ ነው። ጠጋኙ ድምፁን ከመስመሩ ላይ ቀድቶ ለካው፤ ምን ያህል እንደሚጮህ፣ ምን ያህል ዝም እንደሚል። ልክ እንደነገረችው ነበር። ልኩን ለዕቃው ሞላለት፤ አራቴ ሳይሰማ እንዳይቆርጥም አደረገው። ዘሪቱ ደውላ ሆን ብላ ሳል አለችበት፤ አልቆረጠም። ዘጋችው፤ ትንሽ ቆይቶ መብራቱ ጠፋ።

ለአቶ ሄራሞ በጽሑፍ ሰጣቸው፦ «ጥፋቱ የማዞሪያው ነው። ሠራተኛዋ አስቀድማ በትክክል ተናግራለች።»

ሁለቴ አነበቡት። ዘሪቱን አስጠሯት።

«ነግረሽኝ ነበር» አሉ።

«ነግሬዎት ነበር።»

«አልሰማሁሽም። ይቅርታ አድርጊልኝ።» ደብዳቤውን ከፋይሏ አውጥተው ቀደዱት።

«ለእኔስ እሺ» አለች። «ማቴዎስ ግን እስካሁን እኔ ነኝ ብሎ ነው የሚያስበው።»

ቅዳሜ ሁለቱም ማቴዎስ ቤት ሄዱ። አቶ ሄራሞ በገዛ አፋቸው ነገሩት። ማቴዎስ እስኪጨርሱ ሰማቸው። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብቶ ልጁን ይዞ ወጣና ዘሪቱ እቅፍ ላይ አስቀመጠው።

ወገኖቼ፣ ይህን ለምን ነገርኳችሁ? ስልክ እንድትጠግኑ አይደለም።

ከመካከላችን ከስንት ዓመት በፊት ካለቀ ጠብ ጋር ዛሬም የምናወራ የለንም? ያስቀየመን ሰው ረስቶት ሄዷል፤ እኛ ያንኑ ቃል እንደጋግማለን። ልጃችን ሊያናግረን ሲመጣ ተይዘናል። ሚስታችን ስትጠራን ተይዘናል።

ይህ ሲነገረን ደግሞ እንቸኩላለን። ሰው ገና ሳል ሲል እንቆርጠዋለን። ነገሩ ገባኝ እንላለን። ምን ገባን?

አቶ ሄራሞ ክፉ ሰው አይደሉም። ጠጋኙም ሰነፍ አይደለም። ሁለቱም የጎደላቸው አንድ ነገር ነው፤ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠችውን ሴት አስቀድመው አልጠየቁም።

በየቤታችሁ፣ በየመሥሪያ ቤታችሁ አንድ ነገር ደጋግሞ የነገራችሁና «ሰበብ ነው» ያላችሁት ሰው አለ። ስሙ አሁን ትዝ ብሏችኋል። ከዚህ ስትወጡ ወደ እሱ ሂዱ። ያን ጊዜ ምን ልትለኝ ነበር በሉት። መልስ አታዘጋጁ። ጨርሶ እስኪናገር ዝም በሉ፤ ያጠፋችሁት እናንተ ከሆናችሁም፣ በጥፋታችሁ የተጎዳው ሰው ቤት ድረስ ሂዱ።