አበባው ሳይተኛ ፍየል አይወጣም

ከባቲ ቁልቁል ወደ በረሃው ሲወርዱ ጠራቆ የሚባል ጉብታ አለ፤ የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ በሳምንቱ ድንጋዩ ሳይቀር ቢጫ አበባ ይለብሳል። በእነዚያ ቀናት የጠራቆ ሰው ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ፍየሉን ከጉረኖ አያወጣም። መንገደኛ አይቶ ይስቃል። ይሳቅ፤ ጥርስ የተሰጠው ለዚህ ነው።

እንደሚነገረው፣ ድሮ ሦስት ዓመት ደርቆ ዝናቡ የመጣ ጊዜ፣ ሰው በደስታ ፍየሉን ጉብታው ላይ ለቀቀ፤ ማታ የተመለሰው ግን ግማሹ ነበር፣ ሌላው አረፋ ደፍቆ እዚያው ቀረ። ሽማግሌዎቹም ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ሌላ የሚያውቁት ስለሌለ፣ አበባው እስኪረግፍ ፍየል እንዳይወጣ ብለው ወሰኑ።

ይህ ለሌላው ትዕግሥት፣ ለጦይባ ግን መርዶ ነበር። ልጇ በወሊድ ሞታባት፣ የአርባ ቀን የልጅ ልጇን ኑረዲንን የምታሳድገው በአንዲት ፍየል ወተት ሲሆን፣ ፍየሊቱ የምትበላው አጥታ ጡቷ ከነጠፈ ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ሕፃኑ ማልቀሱን ትቶ ማቃሰት ጀምሯል። ብታወጣት መርዙ ከወተቱ ጋር ይመጣል፣ ባታወጣት ወተቱ ራሱ አይመጣም።

ሲነጋ ሕፃኑን አዝላ ጉብታው ላይ ወጣች። አበባው ሁሉ የሚገድል ከሆነ ግማሹ ፍየል ለምን ዳነ? ሁለት ዓይነት ቢሆን ነው ብላ አንዱን ከአንዱ ታስተያይ ጀመር። ቅጠሉ አንድ፣ ሽታው አንድ፣ የአበባው ክንፍ ቢቆጠር ሁሉም አምስት። ጎረቤቷ ይማም ከታች ሆኖ አያት።

«እትዬ ጦይባ፣ ሙሽራ አለሽ እንዴ አበባ የምትለቅሚ?»

«አንተን ልድርህ ነው፤ የሚወስድህ ከተገኘ።»

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ጆሮዋ ሕፃኑ ላይ ነበር። የጀርባዋን ትንፋሽ እያዳመጠች፣ ሲዘገይባት ወገቧን ነቅነቅ ታደርጋለች። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ጉብታው ድንገት ደበዘዘባት፤ ዓይኔ ጠፋ ብላ ነበር ይባላል። ጎንበስ ብላ ብታይ አብዛኛው አበባ ክንፉን አጥፎ ተኝቷል፤ እዚህም እዚያም ግን አንዳንዱ ፀሐይዋን አፍጥጦ ያያል። ያልተኛውን ብትሰብረው ነጭ ፈሳሽ ወጣው፣ ምላሷን ነካ ብታደርገው ፈጅቶ አደነዘዛት። የተኛውን ሰበረች፤ ውሃ ብቻ።

አፍጣጩን ከአንድ ጥግ ነቅላ ጨርሳ ፍየሊቱን እዚያ አሰማራች፤ ሕፃኑንም በጨርቅ ውሃ እያጠባች አሳደረችው። በማግስቱ ማለዳ አንድ እፍኝ የምታህል ወተት ታለበች። ጦይባ ግን አላመነችም፤ መጀመሪያ ራሷ ቀመሰችና አበባው እስኪተኛ ተቀመጠች፣ ሕፃኑ ወተቱ ሸቶት አፉን ይከፍታል፣ እሷ ሞቷን ትጠብቃለች። ሞቷ ሳይመጣ አበባው ተኛ። ያን ጊዜ ጣቷን ነክራ አጠባችው።

ዛሬ የመንደሩ እኩሌታ የኑረዲን ዘር ነው ይባላል። በቀደም ወረቀት የያዙ ሰዎች መጥተው አበባውን በማለዳ ለቅመው፣ ሁለቱንም በአንድ ስም ጽፈው ሄዱ አሉ፤ እስከ ምሳ ቢቆዩ ምን ነበረበት። በጠራቆ ግን አንዱ እንቅልፋም፣ ሌላው አፍጣጭ ነው። ፍየሎቹም እንቅልፋሙ ተኝቶ አፍጣጩ ተለይቶ እስኪነቀል፣ በጉረኖ እየጮኹ ቀትርን ይጠብቃሉ፤ የመጀመሪያውንም ወተት የቤቱ አሮጊት ቀምሳ፣ አበባው እስኪተኛ ደጃፏ ላይ ካልተቀመጠች፣ ሕፃን አይጠጣውም።