የአያ ጫኔ የጡረታ ሰዓት

አንድ ጊዜ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ የጌታውን እህል ገበያ ሲያመላልስ የኖረ ጫኔ የሚባል አህያ ነበር። ጀርባው ቢገጠብ፣ ጉልበቱ ቢደክም ጌታው አዘነለትና «በል እንግዲህ ጫኔ፣ ጡረታ ወጥተሃል፤ እፎይ በል» ብሎ ወንዝ ዳር ቁራሽ መሬት ሰጠው። ጫኔም ባቄላ ዘራባት። ዕድሜውን በሙሉ የሰው እህል ተሸክሟል፤ የራሱን እሸት ግን አንድም ቀን ቀምሶ አያውቅም። ከመሞቱ በፊት እሱን መቅመስ ብቻ ነበር ምኞቱ።

ታዲያ ምን ያደርጋል! ጭነቱ ቢወርድለትም የጭነቱ ሰዓት ከላዩ አልወረደም። በጋ ሆነ ክረምት፣ ዶሮ ሁለተኛ ሲጮህ ይወጣል፤ ጀንበር ካልጠለቀች አይገባም። ሐምሌ ሲመጣ ማለዳው በጉም ታፍኖ ዓይን ቢወጉ የማይታይ ሆነ። ከቀትር በኋላ ደግሞ በረዶው ጀርባውን ይወግረዋል። እሱ እቴ! እያሳለ አረሙን በጥርሱ ይነቅላል።

«አያ ጫኔ፣» አለችው ቀበሮ፣ አንድ ቀን ዛፍ ሥር ተጠልላ፣ «ምነው በዝናብ ትደበደባለህ? ግባ እንጂ!»

«ሰዓቴ ነዋ! ሰዓቴን ካፈረስኩማ ‹ጫኔ አረጀ፣ ጫኔ ሰነፈ› ሊሉኝ ነው።»

«ወይ ጉድ! ጌታህ የጣለውን ጅራፍ አንሥተህ ራስህን ትገርፋለህ?»

ነገሩ ከነከነው፤ ግን ሥራውን አልተወም።

ቀበሮም ወደ ቤቷ ስትሄድ በአያ ጅቦ ጎሬ በኩል አለፈች። ጅቦ ለሚስቱ ሲያወራ ሰማችው።

«ጫኔ ከሰዓቱ ዝንፍ አይልም። ነገ ጉሙ ውስጥ ገብቼ ባቄላው ዳር ቁጭ ማለት ነው። ዶሮ ሁለተኛ ሲጮህ በእግሩ መጥቶ አፌ ውስጥ ይገባል!»

«ቢዘገይስ?»

«ማን? ጫኔ? ሞኝ ነሽ እንዴ!»

ቀበሮ ወደ ጫኔ በሩጫ ተመለሰች። «ነገ ጉሙ ሳይገልጥ እንዳትወጣ! ጅቦ ሰዓትህን ሸምድዶታል።»

«ለእኔ አዝነሽ ነው?»

«ለሆዴም ነው እንጂ! አይጥ የምለቅመው ከባቄላህ መሃል ነው። አንተ ከተበላህ እኔም ጦሜን ማደሬ ነው።»

በማግስቱ ዶሮ ሁለተኛ ጮኸ። የጫኔ እግር በልማዱ ተነሣ። በረቱ ደጃፍ ላይ ደርሶ ቆመ፤ ጉሙን አየ፤ እያፈረም ቢሆን ተመልሶ ተኛ።

ጅቦ ባቄላው ዳር ምራቁን ይውጣል። ጫኔ የለም። «ዶሮው ነው የቸኮለው፣» አለ ለራሱ። «ጫኔ መቼም አይዘገይም።» ጉሙ ሳሳ። «ይኼ ዶሮ ዛሬ ምን ነካው?» ጉሙ ገለጠ፣ ፀሐይ ወጣች፤ ጅቦ አሁንም ዶሮውን እየወቀሰ ቁጭ ብሏል። አጠገቡ ካለው ማሳ አረም ሊነቅሉ የመጡ ገበሬዎች ከነውሾቻቸው ደረሱበት።

«ያዘው! ያዘው!»

አንድ ጆሮውን ለውሾች ትቶ ወንዙን ተሻገረ። እየሮጠ እንኳ ዶሮውን ይራገም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጫኔ ክረምቱን ጉም ሲገልጥ ወጥቶ ዝናብ ሳይመጣ ይገባ ጀመር። መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ ማለዳ እየወጣ፣ ቀትሩን ከሾላ ጥላ ሥር ያሳልፋል። ሳሉ ለቀቀው። ሰነፈ ያለውም የለም። ቅር ያለው ዶሮው ብቻ ነበር።

«እኔ እየጮህኩ አንተ ትተኛለህ?»

«አይክፋህ ወንድሜ፤ አንተ ጩህ፣ እኔ ሰማዩን አይቼ እነሣለሁ።»

ጥቅምት ላይ ባቄላው አፈራ። ጫኔ የመጀመሪያዋን እሸት ቀጥፎ ቀስ ብሎ አኘካት። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ለካ ሃያ ዓመት የተሸከምኩት እንዲህ ይጣፍጥ ኖሯል!» አለ።

ከዚህ የምንማረው፣ ጡረታ የወጣ ሰው ሥራውን ባይተው እንኳ ሰዓቱን ከድሮ ጌታው ሳይሆን ከወቅቱ ሰማይ መቀበል እንዳለበት ነው።